ጋሽ ደጀኔ ያልጨረሱት ካሬ

የጋሽ ደጀኔን ሞት ያረዳኝ የገዛ ማተሚያ ማሽኔ ነው። ሰኞ ጠዋት መካኒሳ ያለችውን ኮፒ ቤቴን እንደከፈትኩ አንዲት ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴትዮ ገቡና ጉርድ ፎቶግራፍ አቀበሉኝ። ለድንኳን ነው፣ አጉልተሽ አውጪልኝ አሉኝ። ይሄ ሥራ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይመጣል። የሟች ፊት ማየት ስለማልወድ ፎቶውን ሳላየው ስካነሩ ላይ ገልብጬ አስተኛሁት፣ መጠኑን መረጥኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ወረቀቱ ከግንባር ጀምሮ ቀስ እያለ ሲወጣ መጀመሪያ ቅንድባቸውን አወቅኩት። ቀጥሎ አፍንጫቸው መጣ። ቀጥሎ ያ ሁልጊዜ እስከ አንገታቸው የሚቆልፉት ሸሚዝ መጣ። ቀለሙ ወደ ሰማያዊ አድልቶ ስለነበር ጣልኩትና ደግሜ አተምኩ።

ሴትየዋ የብስራተ ገብርኤል ጎረቤታቸው ናቸው። ጋሽ ደጀኔ ቅዳሜ ደህና እንዳመሹ፣ እሁድ በራቸው እስከ ረፋድ ሳይከፈት ሲቀር ሰው በመስኮት እንደገባ፣ ድሮም ግፊት እንደነበረባቸው፣ ቀብሩ ዛሬ ስምንት ሰዓት እንደሆነ ነገሩኝ። ፎቶውን በላስቲክ ለብጬ ሰጠኋቸው። አላለቀስኩም። ቀጣዩ ደንበኛ መታወቂያ ኮፒ ማስነሳት ፈልጎ ነበርና ፊትና ጀርባውን አስተካክዬ አነሳሁለት። ቀብርም አልሄድኩም፤ ሱቅ የሚጠብቅልኝ ሰው አጣሁ ብዬ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው፣ ውሸቴን ነው።

አሁን ይሄን ስጽፍም ብዙ የሚሰማኝ ነገር የለም። አንድ ጊዜ ጥርሴን ልነቀል የተወጋሁ ቀን ከንፈሬን ስነካው የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ እንደዚያ ነኝ። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ በተራ አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሥራችን ትንሽ ልበል፣ አለዚያ ጋሽ ደጀኔ አይገቡም። ማንም ሰው የሚያርመው፣ ማንም ሰው በነፃ የሚጠቀምበት የመንገድ ካርታ አለ። በየአገሩ ፈቃደኞች ይሠሩታል፤ የእኛን ሰፈር የምንሠራው ደግሞ እኛ ነን። እኛ ማለት ሰባት ሰው ነን። የጀመረው ነቢል ነው፤ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አለው፣ ለጭነት ሾፌር ሁሉ በስልክ "ከቀይዋ ሱቅ ታጠፍና ግንዱ የወደቀበት ጋ ጠይቅ" ማለት መሮት ነው የጀመረው። እኔ የገባሁት ወረቀት የማትመው እኔ ስለሆንኩ ነው። ከዚያ ማን እንደመረጠኝ ሳላውቅ አስተባባሪ ሆንኩ።

አሠራራችን ቀላል ነው። ንፋስ ስልክ ላፍቶን ኮምፒውተር ላይ በትንንሽ ካሬ ከፋፍለነዋል። አንድ ሰው አንድ ካሬ ይወስዳል። መጀመሪያ ከሰማይ በተነሳ ፎቶ ላይ የሚታየውን መንገድና ጣሪያ ይስላል። ከዚያ ቅዳሜ ያንኑ በወረቀት አትሞ በእግሩ እየዞረ ያረጋግጣል፤ ከላይ መንገድ የሚመስለው ቦይ ይሆናል፣ ክፍት የሚመስለው በአጥር ተዘግቶ ይገኛል። ያለቀ ካሬ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴ የሆነ ካሬ ውስጥ ማንም አይመለስም፣ ገና ያልተነካ ስንት አለና።

ጋሽ ደጀኔ ከሁለት ክረምት በፊት የጡረታ ደብተራቸውን ኮፒ ሊያስነሱ መጡ። ኮፒውን ተቀብለው ሳይወጡ ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩትን ትልቅ ካርታ ሲያዩ ቆዩ። በመጨረሻ አንዱ መንገድ ላይ ጣታቸውን አድርገው ይሄ እዚህ ጋ አይወጣም አሉኝ። ፎቶው ላይ እንደሚወጣ ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ በዚያ በኩል አቋርጣለሁ ብለው አጥር ላይ ሱሪያቸው እንደተቀደደባቸው፣ ሱሪውም ለፋሲካ የተገዛ አዲስ እንደነበረ አስረዱኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ ነው የኖሩት። ነቢል ሄዶ አየው፤ አጥሩ አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደብተር፣ እርሳስና ጃንጥላ ይዘው መጡ። ማንም አልጠራቸውም ነበር።

ኮምፒውተር አይነኩም። እጄ ለዚህ አልተሠራም ብለው አንድ ጊዜ ተናገሩ፣ ከዚያ በኋላ የጠየቃቸው የለም። የእሳቸው ሥራ በእግር መዞር ነው። ወረቀቱን ከእኔ ይወስዳሉ፣ ቀኑን ሙሉ ይዞራሉ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያመጡልኛል፣ እኔ ወደ ካርታው አስገባዋለሁ። ጽሑፋቸው እንደ ማኅተም ነው፣ ሁሉም ፊደል እኩል። ሰባት ቁጥርን ሲጽፉ ወገቧን በአግድም መስመር ያስሯታል፤ ከአንድ ጋር ተምታታ እየተባለ ስንት ሰው ከቆጣሪ አንባቢ ጋር እንደሚጣላ እናንተ አታውቁም ይላሉ።

በር የሚያንኳኩት በሳንቲም ነው። የቆርቆሮ በር በጡጫ ሲመታ ሰው ይደነግጣል፣ በሳንቲም ሲሆን ግን ሥራ ያለው ሰው እንደመጣ ይታወቃል ባይ ናቸው። ሦስት ጊዜ ብቻ ያንኳኳሉ። "ከሦስት በላይ ልመና ነው" ይሉናል። አንኳኩተው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ ይቆማሉ። ነቢል አንድ ቅዳሜ አብሯቸው ዞሮ ሲመለስ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠና ከጋሽ ደጀኔ ጋር የሄደ ሰው ምሳ የሚበላው በማግስቱ ነው አለን።

ውሻ ይመዝገብ ብለው ለአንድ ወር ተከራከሩን። የትኛው ግቢ ውሻ እንዳለው፣ የትኛው እንደሚነክስ፣ የትኛው እንደሚጮህ ብቻ በራሳቸው ምልክት ወረቀቱ ላይ ያኖራሉ። ነቢል ካርታ ላይ ውሻ እንደማይሳል፣ ውሻ ነገ እንደሚሞት ሊያስረዳቸው ሞከረ። እሳቸው ግን የውሻ ቤት ባዶ ሆኖ ሲቀር በሠላሳ ዓመት አላየሁም አሉ። የመንገድ ስም ላይም የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ቆሬ አካባቢ የአንድ መንገድ ሰዎች በሁለት ስም ተጣልተው ሲጠብቁን ማንንም አላከራከሩም፤ መሐል ላይ ያለ ቤት አንኳኩተው የወጡትን ሴት ለባለ ታክሲ ምን ብለው እንደሚነግሩት ጠየቁ። ሴትየዋ "ወፍጮ ቤቱ ጋ" አሉ። ያንኑ ጻፉና ሄዱ።

አንድ ነገር ላይ ግን ንቅንቅ አይሉም ነበር። ከመካከላችን አንዱ ጀሞ አካባቢ የሠራው ካሬ ስህተት ሳይኖረው አይቀርም ብለን እሳቸው ሄደው እንዲያዩት ጠየቅናቸው። እምቢ አሉ። ማረጋገጥ የሥራው ክፍል ነው ብንላቸውም ወይ ፍንክች። "የሥራ ጓደኛ ያነበበውን ሄዶ መልሶ ማንበብ ሌባ ነህ ማለት ነው" አሉ። "ሠላሳ ዓመት አላደረግኩትም፣ አሁንም አላደርገውም።" ሳቅንና ሌላ ሰው ላክን። የዚያን ቀን እንዲህ ያለ ሰው መኖሩ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወረቀታቸውን ወደ ካርታው የማስገባው እኔ ስለሆንኩ ከሌሎቹ በፊት ያየሁት ነገር አለ። ከእያንዳንዱ የኪራይ ግቢ ጎን፣ ጠርዙ ላይ፣ በትንሹ የተጻፈ ነገር አለ። "ሦስት ተከራይ፣ ሁሉም ወንድ።" "ሰርቪስ አራት ክፍል፣ ሴት ሁለት፣ አይደለችም።" "አንድ ሴት፣ ሥራ ላይ ናት፣ ከሰዓት ተመለስኩ፣ አይደለችም።" መጀመሪያ የድሮ ሥራቸው ልማድ መሰለኝ። ወረቀት በወረቀት ላይ ሲደራረብ ግን "አይደለችም" የሚለው ቃል ብቻ ዓይኔ ውስጥ ይገባ ጀመር። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው፤ ካርታችን ቦታ እንጂ ሰው እንደማይመዘግብም ጨምሬ ነገርኳቸው። "እኔ የሰው ስም አልጻፍኩም" አሉኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ።

ያኔ ነው የነገሩኝ። ባለቤታቸው የሞቱ ጊዜ፣ አርባቸው ሳይወጣ፣ የሟቿን ልብስ በሙሉ አስረው ለነዳያን ሰጡት። ቁምሳጥኑን ባየሁት ቁጥር ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር አሉኝ። ሰብለ የምትባል አንድ ልጅ አለቻቸው። ከሥራ ስትመለስ ቁምሳጥኑ ባዶ ነው፤ እሷ ልታስቀረው የፈለገችው የእናቷ ሹራብም የለም። "እናቴን ሁለቴ ቀበርካት" አለቻቸው። እሳቸውም ካልተመቸሽ በሩ ክፍት ነው አሏት። ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ ልባቸው አውቋል፣ ግን አልመለሱትም። በሳምንቱ ልብሷን ይዛ ወጣች፣ ስልኳንም ቀየረች። አራት ዓመት ሆኗታል።

የምትደውለው ለአክስቷ፣ ለጋሽ ደጀኔ እህት፣ ብቻ ነው። አክስቷ ያለችበትን ላለመናገር ምላለች። ወንድሟ ሲያለቅሱባት ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ናት፣ ደህና ናት፣ ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ ብላ ተለየቻቸው። መልእክት ቢልኩ የመጣላቸው መልስ አንድ ነው፤ በሰው አይላክብኝ። ጋሽ ደጀኔ ይሄን ሲነግሩኝ ፊታቸው በራ። "እኔ የገባኝ ራስህ ና ማለቷ ነው" አሉኝ። የአንድ ሰፈር በር ሁሉ ዝም ብሎ የሚያንኳኳ ሰው ጤነኛ አይመስልም፤ የካርታ ወረቀት የያዘ ሰው ግን ይከፈትለታል። ለእኔ መልሷ ተዉኝ የሚል ነበር የመሰለኝ። ግን የሰው ተስፋ መንጠቅ ከበደኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለታችን ብቻ የምናውቀው ነገር ሆነ። የኪራይ ቤት የበዛባቸውን ካሬዎች አስቀድሜ አትምላቸው ጀመር። ከላፍቶ ጀምረው ወደ ሐና ማርያም፣ ከዚያ ወደ ፉሪ ዘለቁ። የፉሪውን አንድ ካሬ ግማሽ እንደሠሩ ጉልበታቸው አብጦ መራመድ አቃታቸው። ቅዳሜ ጠዋት እያነከሱ ሱቄ ድረስ መጥተው ወረቀቱን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ፣ ለመስጠትም ላለመስጠትም። እርስዎ እረፉ፣ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ አልኳቸው። ሰጡኝ። በደንብ እዪ አሉኝ።

ፀሐዩ ከባድ ነበር። እሳቸው ያቆሙበትን ቤት አልፌ አምስት ስድስት በር ካንኳኳሁ በኋላ በመንገዱ መጨረሻ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለ፤ ውስጡ በአንድ ረድፍ የተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ናቸው። የከፈተችልኝ ፀጉሯን በፎጣ የጠቀለለች ወጣት ናት። የተለመደውን ጠየቅኳት፤ መንገዱ በዚያ በኩል ይወጣል ወይ፣ ሰፈሩን ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ። የመለሰችልኝን ስጽፍ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ቀረ። "ይሄን ሰባት የጻፈው ማነው?" አለችኝ። ቀና ብዬ ያየኋት ያኔ ነው፤ ቅንድቡ የእሳቸው ነው።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ጠርዝ ጠርዙን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ሁሉንም አነበበች። በየቦታው "አይደለችም" የተባለላት ማን እንደሆነች ስትጠይቀኝ መልሱን የምታውቅ ይመስለኛል፤ ነገርኳት። ከዓመት በላይ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደዞሩ፣ ዛሬ የቀሩት ጉልበታቸው አብጦ እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሳቸው እዚህ ሊደርሱ እንደሚችሉ ነገርኳት። ከፎጣው ውኃ እየወረደ ትከሻዋን ሲያርሰው አልጠረገችውም።

"እዚህ መሆኔን ከሰው አፍ እንዳይሰማ" አለችኝ። "ማይልኝ።"

ማልኩላት። ወረቀቱን መለሰችልኝና በሩን ዘጋች። መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲገባ ሰማሁ።

ሱቄ ተመልሼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩና ተቀመጥኩ። ካሬው ክፍት ከቀረ ጋሽ ደጀኔ በሳምንቱ እዚያ በር ላይ ይቆማሉ። አፌን ባልከፍትም እንደነገርኳቸው ነው የሚቆጠረው ብዬ አሰብኩ። እንዲመጣ ብትፈልግ መቀርቀሪያውን ለምን ታስገባለች? እኔም ከአባቴ ቤት የወጣሁት በሰላም አይደለም፣ ማንም ባይከተለኝ እመርጥ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ያልዞርኩበትን ከፎቶው ላይ እያየሁ ሞላሁት። አስተባባሪ ስለሆንኩ ሌላ ሰው እንዲያረጋግጥልኝ አያስፈልግም ነበር። ካሬውን አረንጓዴ አደረግኩትና ሻይ አዘዝኩ። ለአንዲት ሴት ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋሽ ደጀኔ በሚቀጥለው ቅዳሜ ዱላ ይዘው መጡ። ወደ ግድግዳው ሄደው ፉሪን ፈለጉ፣ አረንጓዴ መሆኑን አዩ።

"ይሄ አለቀ?" አሉኝ።

"ጨረስኩት ጋሼ።"

"በሩን ሁሉ?"

"ሁሉንም።"

ትንሽ አዩኝ። ያኔ ትንሽ ጠንከር ብለው ቢጠይቁኝ የምናገር ይመስለኛል፣ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። "አንቺ ካነበብሽው በቃ" አሉና የሚቀጥለውን ካሬ ወረቀት ጠየቁኝ። አትሜ ሰጠኋቸው።

ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ዞሩ። ከፉሪ ወጥተው ወደ ጀሞ፣ ከጀሞ መልሰው ወደ መካኒሳ ጓሮ ገቡ። ቅዳሜ ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወረቀቱን ያመጡልኛል፣ እኔ መንገዱንና ቤቱን አስገባለሁ፣ ጠርዙን እተወዋለሁ። ሁለት ሴት፣ አይደለችም። አንዲት ሴት፣ ከጅማ የመጣች፣ አይደለችም። እያንዳንዷን አነባለሁ፤ የት እንዳለች አውቃለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወረቀቱን እስከ ሰኞ ሳልነካው አቆየው ነበር። በኋላ ለመድኩት። ሰው ሁሉን ይለምዳል ሲባል ደግ ነገር ይመስለኝ ነበር፣ አሁን እንደዚያ አይመስለኝም።

አንድ ቅዳሜ መንደሪን ይዘውልኝ መጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ይሄን ካርታ የሚያየው ማነው ብለው ጠየቁኝ። ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ሊያየው እንደሚችል ነገርኳቸው። "እንግዲያው እሷም ልታየው ትችላለች" አሉ። ቀጥለው የራሳቸውን ቤት እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ብስራተ ገብርኤል ያለውን ግቢያቸውን ከፍቼ አሳየኋቸው። በሩ በተሳሳተ በኩል ተስሏል፣ በቀኝ ነው አሉ። አስተካከልኩት። አሁን እሷ ብታየው ታውቀዋለች ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አዎ አልኳቸው። መንደሪኑን ልጠው ግማሹን ሰጡኝ። በላሁት።

ማክሰኞ ከነቢል ጋር ለቅሶ ደረስን። ድንኳኑ ከግቢያቸው ፊት ለፊት ተጥሏል፣ እኔ ያተምኩት ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ነቢል ወንዶቹ ጋ ተቀመጠ። ሰብለ ፍራሽ ላይ ከአክስቷ ጎን ናት፣ ጥቁር ለብሳለች፣ አታለቅስም። ሳጎነብስ አወቀችኝ። ትንሽ ቆይታ ተነሳችና በዓይኗ ጠራችኝ፤ ከድንኳኑ ጀርባ፣ የውኃ በርሜሉ ያለበት ጋ ወጣን።

"አልነገርሽውም አይደል?" አለችኝ።

አልነገርኳቸውም አልኳት። መሐላዬን እንደጠበቅኩ እንድታውቅ ፈልጌ ነበር። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ታዲያ ለምን አልመጣም ብላ ጠየቀችኝ። በምትሠራበት ፋርማሲ ቅዳሜ ከሰዓት ተረኛ ነበረች፤ እኔ በሯ ላይ ከመጣሁ በኋላ ተራዋን በእሁድ አስቀየረች። ሰባት ወር ሙሉ ቅዳሜን ቤቷ ዋለች። ያን ሁሉ በር ሲያንኳኳ የኖረ ሰው የእኔን እንዴት ዘለለው አለችኝ።

ያኔ ነገርኳት። ካሬ ምን እንደሆነ፣ አረንጓዴ ምን ማለት እንደሆነ፣ አባቷ የሥራ ጓደኛ ያነበበውን መልሰው እንደማያነቡ፣ እኔም ይሄን እያወቅኩ እንደዘጋሁት ነገርኳት። መቀርቀሪያውን ሰምቼ ነው አልኳት። ለአንቺ ብዬ ነው አልኳት። ስናገር የራሴን ድምፅ ከሩቅ ነው የምሰማው።

"ያ በር ካልተቀረቀረ ንፋስ ይከፍተዋል" አለች።

ቀጥላ ስትናገር አልጮኸችም። "ከሰው አፍ አይስማ ነው ያልኩሽ። አይምጣ አላልኩሽም። በእግሩ መጥቶ እንዲያንኳኳ ነው የፈለግኩት።"

ይቅርታ የሚለውን ቃል አፌ ውስጥ ፈለግኩት፤ ነበረ፣ ግን ማን ላይ እንደማደርገው አላወቅኩም። ከድንኳኑ ውስጥ የሰው ሳል ይሰማል። የት ድረስ እንደደረሰ አሳዪኝ አለችኝ። ስልኬን አውጥቼ የፉሪውን ካሬ ከፈትኩ። ጉልበታቸው ሲያብጥ ያቆሙበትን ቤት በጣቴ ነካሁ፣ ከዚያ የእሷን በር ነካሁ። ካርታው በሁለቱ መሐል ሰማያዊ መስመር አወጣና በእግር የሚፈጀውን ጻፈ።

"ስምንት ደቂቃ ይላል" አልኳት።

ስልኩን ተቀብላኝ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር አየችው፣ በመንገዱ ዳር ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ የምትቆጥር ይመስል ነበር።

"ለእሱ አይደለም" አለች። "እሱ በየበሩ ይቆማል። ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል።"